በእጅ ባትሪ ብርሃን የተፈረመ ርክክብ

አዲስ የተሸጠችውን መኪና የጫነው ሎቤድ (የመኪና ማጓጓዣ ከባድ ተሽከርካሪ) ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል አልፏል። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። የመኪናዋ ገዢ ቤት ከአስፋልቱ 200 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል፤ መንገዱ ጠባብ፣ ጭቃው ጉልበት የሚደርስ። ሾፌሩ ወርዶ አየና «ይሄ አይገባም» አለ። ስለዚህ መኪናዋ የምትወርደው አስፋልቱ ዳር፣ ከቦዩ አጠገብ ሆነ። ውሉ ላይ ግን «ቤት ድረስ» ይላል።

መኪናዋ ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ ናት። ባትሪዋ 38 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል፤ ከሆዷ እስከ መሬት ያለው ክፍተት 12 ሴንቲ ሜትር ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ እንዲህ ያሉት በጎጃም ከተሞችም እየበዙ መጥተዋል። ገዢው ሃምሳውን የተሻገረ የእህል ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ ወርዶ ከሻጩ ግቢ ከመረከብ ይልቅ ደጁ ድረስ እንድትመጣለት የመረጠው በማያውቃት መኪና ዓባይ በረሃን መውረድና መውጣት ስላስፈራው ነው። ፍርሃቱ መሠረት ነበረው፤ ኋላ እንመጣበታለን።

መጀመሪያ አልከፈት አለች። አስረካቢው ልጅ ሪሞቱን ደጋግሞ ተጫነ፤ መብራት የለ፣ ድምፅ የለ። ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና አንድ ባትሪ ብቻ ያላት ይመስለዋል። ሁለት ናቸው። ትልቁ መኪናዋን ይነዳል፤ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ደግሞ በሩን፣ ኮምፒውተሩን፣ መብራቱን ታንቀሳቅሳለች። የትልቁን ኃይል የሚያገናኙት ማብሪያዎችም የሚሠሩት በእሷ ነው፤ ስለዚህ ትንሿ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናዋ ድንጋይ ናት። እዚህ የሆነው ቀላል ስህተት ነው፦ ከሁለቱ ሪሞቶች አንዱ አዲስ አበባ ሲጫን ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። መኪናዋ ሪሞቷ ቅርብ እንደሆነ ስታውቅ ቶሎ አትተኛም፤ ቀኑን ሙሉ ስትነቃና ስታንቀላፋ ዋለች። ከዚያ በፊትም ግቢ ውስጥ ወራት ቆማለች። ባትሪዋ ሲለካ 10.9 ቮልት። ጤነኛ ባትሪ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ 12.6 አካባቢ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ መሙላት ይፈልጋል።

በሩ የተከፈተው በሁለተኛው ሪሞት ሆድ ውስጥ በተሸሸገችው የብረት ቁልፍ ነው። አስረካቢው ስለ ቁልፏ ያውቅ ነበር፤ ብዙ ገዢ ግን አያውቅም። ኮፈኑ ተከፈተና የሎቤዱ ሾፌር ገመድ ይዞ መጣ፤ «ከኔው ባትሪ እንስጣት» አለ። ለጥቂት ነው የተረፈችው። የከባድ መኪና መስመር 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተከታትሎ የተገናኘ። የ24ን ጫፎች ከ12 ጋር ቢያገናኝ ኖሮ የመኪናዋ ኮምፒውተሮች እዚያው ይቃጠሉ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሚኒባስ ለምነው አስቆሙ፤ እሱ ባለ 12 ነው። ቀዩ ገመድ አስቀድሞ ከፕላስ ወደ ፕላስ፣ ጥቁሩ ከሚኒባሱ ማይነስ ወደ ባዶ የሻንሲ ብረት፤ አምስት ደቂቃ ጠብቀው ሲያበሯት ተነሣች። አንድ ጊዜ ከነቃች ትልቁ ባትሪ ትንሿን ራሱ ይሞላል። በኤሌክትሪክ መኪና ለሌላው የነዳጅ መኪና ማስነሻ መስጠት ግን አይገባም፤ መቀበል እንጂ።

አሁን ማውረዱ ቀረ። የሎቤዱ ወለል ከመሬት 90 ሴንቲ ሜትር ይነሣል፤ መወጣጫው ተቀጣጥሎ 5 ሜትር ነው። ደልዳላ ቦታ ላይ ይህ 10 ዲግሪ ገደማ ቁልቁለት ይሰጣል። በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል 2 ሜትር ተኩል ርዝመትና 12 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያላት መኪና ሆዷን ሳትነካ የምታልፈው ጉብታ 11 ዲግሪ ብቻ ነው። በአንዲት ዲግሪ ታልፋለች ማለት ነው። የመወጣጫው እግር ግን ያረፈው ወደ ቦዩ ባዘነበለው ዳር፣ ከአስፋልቱ 35 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ቁልቁለቱ ከ14 በለጠ። ከእግሩ ስር ዝቅታውን እስኪሞላ ወፍራም ጣውላ ደርበው ቢያነሡት ኖሮ ጉዳዩ ያልቅ ነበር። የፊት ጎማዎቿ ጠርዙን ሲያልፉ አንድ የሚሰቀጥጥ ድምፅ ተሰማ፤ ዝናቡም ዋጠው። ማንም አልጎነበሰም።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ሊሆን ነው። አስረካቢው ወረቀቱን በፌስታል ሸፍኖ፣ የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ይዞ፣ «ጋሼ፣ መሽቷል፤ እዚህች ላይ ይፈርሙልኝና ነገ ተረጋግተው ያዩዋታል» አለ።

«አዲስ ነገር ምን ይሆናል ብለህ ነው ልጄ» አለና ፈረመ። ከፊርማው በላይ ያለው መስመር «መኪናውን ያለ አንዳች እንከን ተረክቤያለሁ» ይላል። የውጭ አገር ሻጮች ቤት ድረስ ሲያደርሱ ገዢው ለመመለስ ጥቂት ቀን የሚሰጡበት ጊዜ አለ። እዚህ ያቺ ፊርማ ሁሉ ነገር ናት።

በማግስቱ ቻርጀሩ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አደረገ። ከመኪናዋ ጋር የመጣው በእጅ የሚያዝ ባለ 16 አምፔር ነው፤ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። ለጎጃም ቤት ይህን ማስረዳት ቀላል ነው፦ አንድ የእንጀራ ምጣድ ማለት ነው። ልዩነቱ ምጣዱ ሁለት ሰዓት ነው የሚሠራው፣ መኪናዋ ደግሞ ከ20 በመቶ እስክትሞላ አሥር ሰዓት። ስለዚህ ምጣዱን ለዓመታት ያለ ችግር የቻለ ሶኬት በመኪናዋ ሌሊቱ አጋማሽ ላይ ይቀልጣል። በዲቫይደር መሰካትማ ጨርሶ አይታሰብም። ምጣድና መኪና ባንድ ጊዜም አይሆንም፤ ጋጋሪዋ ሳትጨርስ መሰካት ብሬከር መጣል ነው።

ቀዩ መብራት ግን በዚህ አልነበረም። ቤቱ የመሬት መስመር (ግራውንድ)፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ፣ የለውም። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ሦስተኛው ከምንም ጋር አልተገናኘም። እንዲህ ያለው ቤት ስንት ነው! አንድ ጎረቤት መፍትሔ አመጣ፦ «ኒውትራሉን ከግራውንዱ ጋር እዚያው ሶኬቱ ውስጥ አገናኘው፣ አረንጓዴ ይሆናል።» እውነቱን ነው፤ ይሆናል። የነጋዴው የእህት ልጅ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ካቻቢቴውን አስቀመጠና «አጎቴ፣ ይሄማ ሰው ይገድላል» አለ። ምክንያቱ፦ በነፋስ ወይም በዝናብ ከምሰሶው ኒውትራሉ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ) ብቻ ቢበጠስ፣ ቤት ውስጥ በበራው አምፖል አልፎ የሚመጣው 220 ቮልት መውጫ ያጣል፤ በዚያች ድልድይ በኩል የመኪናዋን ብረት በሙሉ ይይዛል። በርጥብ እግር መሬት ረግጦ እጀታዋን የነካ መመለሻው እሱ ነው። ቻርጀሩም አያየውም፤ ያታለሉት ለዚህ ነውና።

ልጁ በደንቡ ሠራው። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ መስመር ሳበ፤ ባለ 20 አምፔር ብሬከርና በ30 ሚሊአምፔር ልቅታ (የኤሌክትሪክ ማምለጥ) የሚቆርጥ መከላከያ ገጠመ። ሁለት ባለ 1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ በሁለት ሜትር ርቀት ጓሮው ላይ ቀበረ። ለካው፤ 9 ኦም (ቁጥሩ ባነሰ ይሻላል)። አረንጓዴ በራ። ወደፊት ባለ 32 አምፔር የግድግዳ ቻርጀር ቢገዛ ገመዱ 6 ካሬ መሆን አለበት፤ ሲገዛም ጫፉን ልብ ብሎ ነው። የቻይናው ጂቢቲና የአውሮፓው ታይፕ 2 ከሩቅ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሰባት ቀዳዳ። ግን በቻይናው እሾሁ ያለው ገመዱ ላይ ሲሆን በአውሮፓው መኪናው ላይ ነው። ካርቶኑን ሳይከፍት የገዛ ሰው እቤቱ ሲደርስ ቀዳዳ ከቀዳዳ ይገጥምበታል።

ሆዷ የታየው በሳምንቱ ላቫጆ ላይ ነው። አጣቢው ከስር ሆኖ «ጋሼ፣ ይቺ ተፍቃለች» ሲል ተጣራ። የባትሪው መከላከያ ሰሌዳ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭረት፣ የአንድ ብሎን ራስ ግማሹ ተልጦ። ሻጩ ፊርማውን አወጣ፤ የሎቤዱ ሾፌር ሲጫን ያነሣውን ፎቶ አወጣ። ፎቶው አራቱንም ጎን ያሳያል፣ ሆዷን ግን አያሳይም። ክርክሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በመጨረሻ 1,000 ቮልት የሚችል ጓንት ያጠለቀ ባለሙያ መጣ፤ ሰሌዳውን አውልቆ የባትሪው ቀፎ እንዳልጎደጎደ አየ፣ በትልቁ ባትሪና በሻንሲው መካከል ያለውን የልቅታ መከላከያ በሜጋኦም ለካ። ደኅና ነበር። የሰሌዳውን ዋጋ ሻጩና አጓጓዡ ተካፈሉ። ቀፎው ጎድጉዶ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ወዲያ ነበር፤ የመኪናው ዋጋ ትልቁ ድርሻ እዚያ ውስጥ ነውና።

ከዚያ ወዲህ እነዚያ አስረካቢዎች የሚያስፈርሙት ሁለት ወረቀት ነው። ለርክክብ ቤት ይሻላል ወይስ ማዕከል (የሻጩ ግቢ) የሚለው ጥያቄም በዚህ መልሱን ያገኘ ይመስላል፦ ማዕከሉ መኪናዋን ይፈትናል፣ ቤቱ ደግሞ መብራቱን። አንዱ የሌላውን አይተካም። ማዕከሉ ውስጥ የመሬት መስመሩ ደንበኛ ስለሆነ እዚያ የበራ አረንጓዴ ለደብረ ማርቆሱ ሶኬት ምስክር አይሆንም። ሎቤድ ላይ የመጣች መኪናም ከስሯ ጉድጓድ ከሌለ ሆዷ በደንብ አይታይም።

የመጀመሪያው ወረቀት የሚፈረመው ሻጩ ግቢ፣ በቀን፣ ጉድጓድ ላይ ወይም ሊፍት ላይ ነው። ገዢው ካልቻለ ውክልና የያዘ ሰው ይሂድ፤ ዓይን ያለው ይሁን እንጂ ዘመድ መሆኑ ብቻ አይበቃም። 17ቱ የሻንሲ ፊደልና ቁጥር ከመስታወቱ ስር፣ ከበሩ ምሰሶና ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ አንድ በአንድ ይነጻጸራል፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሊብሬ ሲወጣ ነው የሚያለቅሱት። ጎማው ላይ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2324 ማለት በፈረንጆቹ 2024 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱም ይቀራረቡ። የጎማው ንፋስም ይለካ፤ ለመርከብ ጉዞ ከልክ በላይ ተነፍቶ ሳይቀነስ የሚመጣ አለ። ዘገምተኛውም ፈጣኑም ቻርጅ ተሰክቶ ይሞከር፤ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች ናቸው፣ አንዱ መሥራቱ ለሌላው ዋስ አይደለም። ሆዷ ፎቶ ይነሣ፣ ቀኑ ከነሰዓቱ።

ሁለተኛው ወረቀት ቤት ነው። ሎቤዱ ከ9 ሰዓት በፊት ካልደረሰ ርክክቡ ለነገ ያድራል፤ ደልዳላው ቦታም አስቀድሞ በፎቶ ይላካል። ወርዳ እንደቆመች ሆዷ በመስታወት እንደገና ይታያል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ትሰካለች፤ የሶኬቱ ራስ በእጅ ሲነካ ለብ ቢል ደግ፣ የሚያቃጥል ከሆነ መስመሩ ይሠራ እንጂ አይፈረምም።

ራሱ ነድቶ የሚመጣ ደግሞ ሒሳቡን ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ይሥራ። ይቺ መኪና ሞልታ ብትነሣ ጎሐ ጽዮን 40 በመቶ ገደማ ይዛ ትደርሳለች። እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁለት በሞተር ፍሬኑ 8 በመቶ ያህል ይመልስላታል፤ ወደ ደጀን የሚወጣው ዳገት ግን 21 በመቶ ይበላል። ደጀን ላይ 27፤ ደብረ ማርቆስ ገና 70 ኪሎ ሜትር። 3 በመቶ ይዞ ከተማ መግባት ማለት ነው፤ ነፋስ ከፊት ከመጣ ያውም አይኖርም። መንገድ ላይ መሙላት ግድ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ የሚሞላ ሰው ግን እስከ 100 አይሙላ፤ 85 ላይ ይንቀል። ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም፤ የሞተር ፍሬኑ ይጠፋና ቁልቁለቱ በሙሉ በእግር ፍሬን ይወረዳል። የፍሬን ሽታ የሚመጣውም ያኔ ነው።

የነጋዴው ቻርጀር መጋቢት ላይ እንደገና ቀላ። የእህቱ ልጅ መለኪያውን ይዞ መጣ፤ ያ 9 ኦም ከ200 በላይ ዘሏል። ጓሮው ዋልካ ነው። ሐምሌ ላይ ዘንጉን ጨምድዶ የያዘው አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ ከመዳቡ ተላቋል፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል። ዘንጎቹን ነቀለና ባለ 3 ሜትር አመጣ። የቀበረውም የዕቃ እጣቢው ዓመቱን ሙሉ ከሚፈስበት ከጌሾው ስር ነው። 14 ኦም።