18 ጊጋባይት ወደ ኮምቦልቻ

ደሴ ፒያሳ ካለችው ቪዲዮ ቤታችን የሠርግ ፊልሙን አቀናብሬ የጨረስኩት ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። መልሱ ኮምቦልቻ ነው፤ ፊልሙ በአዳራሹ የሚታየው ከምሽቱ 12 ሰዓት። ፋይሉ 18 ጊጋባይት፣ መስመራችን ባለ 50 ሜጋቢት ፋይበር። አስልቼ ለሙሽራዋ አጎት «ጋሼ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ይደርስዎታል» አልኳቸው። ስሌቱ እንኳ ትክክል ነበር፤ 48 ደቂቃ። ኮምፒውተሩ ግን 8 ሰዓት ይፈጃል አለኝ።

ሞደሙን ነቅዬ ሰካሁ። ገመዱ ተጣሞ እንደሆነ ዳበስኩ። ፍጥነቱን ስለካው ማውረጃው 50፣ መጫኛው 5! ፋይሉን 6 ሰዓት ላይ እንደገና አስጀምሬ የመስመር ሠራተኛ ወደሆነው ጓደኛዬ ደወልኩ።

«እንደ ሐረጎ ቁልቁለቱ ይፈጥናል፣ ዳገቱ ይከብዳል ማለት ነው?»

ሳቀብኝ። «ብርሃን ዳገት አያውቅም» አለ።

ከጣቢያው የሚነሳው አንድ የመስታወት ክር መንገድ ላይ ኤሌክትሪክ በማይፈልግ ማከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይዳረሳል። ወደ ቤት ሲመጣ የሁሉም መረጃ ለሁሉም ይደርስና እያንዳንዱ ሞደም የራሱን አንሥቶ የጎረቤቱን ይተዋል። ከቤት ሲወጣ ግን ክሮቹ አንድ ላይ ስለሚገጥሙ ሁለት ቤት እኩል ቢያበራ ብርሃኑ ይደባለቃል። ስለዚህ እንደ ቦኖ ውሃ ወረፋ ነው፤ ተራው ግን በማይክሮ ሰከንድ ይቆጠራል። ጂፖን የሚባለው የተለመደው ቴክኖሎጂ ለቤቶቹ ሁሉ በጋራ የሚሰጠው ወደ ታች 2.5፣ ወደ ላይ 1.25 ጊጋቢት ገደማ ነው።

«በግማሽ ከሆነማ የእኔ 25 መሆን ነበረበት» አልኩት።

«ቀሪውን ውልህ ላይ ፈልገው።»

አውጥቼ አየሁት። ከ50ው ሥር በደቃቅ ፊደል 5 ተጽፏል። ለካ የገዛሁት፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያያል እንጂ ብዙ አይልክም ተብሎ የተሰናዳ ጥቅል ኖሯል፤ እኔ ደግሞ የምኖረው በመላክ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ 10 ጊጋቢት የሚሸከም አዲስ ዓይነት መሣሪያ እንዳለም ነገረኝ። ለዚያን ዕለት ምን ሊፈይድልኝ?

ረዳቴን ፍላሽ አስይዤ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ አሳፈርኩት። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ከአዳራሹ ደወለ፤ «አብሽር፣ ከፍተን እያየነው ነው።»

ኮምፒውተሬ ገና 31 በመቶ ላይ ነበር።