የቤት ፕላን ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት

ፕላን ዘርግቶ «እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስገኝም። ግማሹ ሰው «ያምራል» ይላል፤ ሌላው ግማሽ እሱ ቢሠራ ስለሚፈልገው ቤት ያወራል። ሁለቱም ስለሚኖርበት ቤተሰብ የሚነግሩን ነገር የለም። ወረቀት ላይ ግድግዳ ማዛወር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አርማታ ከተሞላ በኋላ ግን ያው ግድግዳ ማፍረስ፣ ቱቦ መቀየር፣ እንደገና መለሰን ማለት ነው። ስለዚህ አስተያየት የሚሰጠው ሰው ምን ወረቀት እንደያዘና ምን እንደተጠየቀ መጀመሪያ መታሰብ አለበት።

ከወረቀቱ እንጀምር። በስልክ ፎቶ የተላከ ፕላን ልኬቱ ጠፍቷል ማለት ነው። በ1:50 ይታተም። በዚህ ልኬት 1 ሜትር 2 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ 1.60 በ2.00 ሜትር የሆነ አልጋ 3.2 በ4 ሳንቲሜትር ወረቀት ተቆርጦ ፕላኑ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ማተሚያው «ከገጹ ጋር አስተካክል» የሚለውን ከመረጠ ሥዕሉ ሳይታወቅ ይቀንሳል። ስለዚህ ከታተመ በኋላ አንድ የታወቀ ልክ በማስመሪያ ለኩ። አብሮ የሚሰጠው ደግሞ ሰሜንን፣ መንገዱን፣ የመሬቱን ተዳፋትና የጎረቤትን ግድግዳ የሚያሳይ ሳይት ፕላን፣ ደረጃው ላይ የሚያልፍ ሴክሽን (ቤቱ ከላይ ወደ ታች እንደተቆረጠ አድርጎ ውስጡን የሚያሳይ ሥዕል)፣ እንዲሁም ቤተሰቡን የሚገልጽ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ነው፦ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ የልጆቹ ዕድሜ፣ አረጋዊ መኖሩ፣ ቤት ሆኖ የሚሠራ ሰው መኖሩ፣ የማይቀየሩት ነገሮች የትኞቹ እንደሆኑ። ይህ ጽሑፍ ከሌለ አስተያየት ሰጪው የሚያየው የራሱን ቤተሰብ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፕላን ላይ የተጻፈውን ቁጥር የክፍሉ ስፋት አድርጎ ማንበቡ ላይ ነው። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከግድግዳ መሐል እስከ ግድግዳ መሐል ያለው ነው። 3.00 ሜትር የተባለች መኝታ ቤት በ15 ሳንቲሜትር ብሎኬት ከታጠረች 2.85 ትቀራለች። በሁለቱም ወገን 2 ሳንቲሜትር ልስን ሲጨመር 2.81። አልጋው ከነራስጌው 2.05 ይወስዳል፣ 76 ሳንቲሜትር ይተርፋል። ከግርጌው ፊት ለፊት 60 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ቁም ሳጥን ሲቆም የሚቀረው 16 ሳንቲሜትር ነው። በሩ አይከፈት፣ ሰው አያልፍ። ወረቀቱ ላይ ግን ክፍሏ ሰፊ ትመስላለች፤ ብዙውን ጊዜ የሚሳልባት አልጋ ከእውነተኛው ያነሰ ነውና። ከሁሉ አስቀድሞ እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የተጣራው ልክ ይጻፍ፤ የቤት ዕቃውም ቤተሰቡ በያዘው ወይም ሊገዛው ባሰበው መጠን ይሳል።

ከዚያ በኋላ ሰዎችን ስለ ውበት አትጠይቋቸው። ሥራ ስጧቸው። «ዝናብ እየዘነበ ነው፤ ከመኪና ወርደህ ሁለት ከረጢት ይዘህ እስከ ማድ ቤቱ መደርደሪያ በጣትህ ሂድ።» «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕፃኑ አለቀሰ፤ ከአልጋሽ ተነስተሽ እሱ ጋ ድረሺ፣ መብራቱን የት ታበሪያለሽ?» «እንግዳ ሳሎን ተቀምጧል፤ ከመታጠቢያ ቤት ወጥተህ መኝታ ቤትህ ለመግባት በፊቱ ታልፋለህ?» «የታጠበ ልብስ የት ይሰጣል፣ ባልዲውስ በየት ይሄዳል?» ጣቱ የሚቆምበት ቦታ ችግሩ ያለበት ነው። ሰውየው መፍትሔ ባያውቅም ግድ የለም። ሦስት ሰዎች ስለ አንድ ቦታ ሦስት የተለያየ መፍትሔ ሲሰጡ ዋጋ ያለው መፍትሔያቸው ሳይሆን ሦስቱም እዚያው መቆማቸው ነው።

ደረጃን ግን ለአስተያየት አትተዉት፤ አስሉት። ከወለል እስከ ወለል 3.06 ሜትር ከሆነ 17 ሳንቲሜትር ከፍታ ያላቸው 18 እርከኖች ይወጡታል። መርገጫው 28 ሳንቲሜትር ሲሆን የሁለት ከፍታና የአንድ መርገጫ ድምር 62 ይመጣል፤ ከ60 እስከ 65 ከሆነ እግር ሳይቸገር ይወጣዋል። ደረጃው መሐሉ ላይ ዞሮ የሚመለስ ከሆነ በእያንዳንዱ ወገን 9 ከፍታና 8 መርገጫ አለ፦ 8 ጊዜ 28፣ 2.24 ሜትር፤ የ1 ሜትር ማረፊያ ሲጨመርበት 3.24። ከመጀመሪያው እርከን ፊት መቆሚያ የሚሆን ሌላ 1 ሜትር ያስፈልጋል። አሁን ፕላኑ ላይ ለደረጃ የተተወውን ሳጥን ለኩ። 2.50 ብቻ ከሆነ የማረፊያው 1 ሜትር ተቀንሶ ለስምንቱ መርገጫ የሚቀረው 1.50 ነው፣ እያንዳንዱም ወደ 19 ሳንቲሜትር ይወርዳል። በዚህ ላይ የአዋቂ ተረከዝ አያርፍም፤ ሲወርዱ ያስጥላል።

ከማረፊያው ሥር ሽንት ቤት መሳልም የተለመደ ነው። ዘጠኝ ጊዜ 17 ማለት 1.53 ሜትር፣ የማረፊያው አርማታ 15 ሳንቲሜትር ሲቀነስ 1.38 ይቀራል። እዚያ የሚቆመው ሕፃን ብቻ ነው። ዕቃ ማስቀመጫ አድርጉት።

ስለ ሽንት ቤት ከተነሳ፦ የመቀመጫው መሐል ከጎን ግድግዳ ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር፣ ከፊቱ ደግሞ 60 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ርዝመቱ 1.50 የሆነ ክፍል ውስጥ መቀመጫው 70 ይወስዳል። ከፊት ያለው የ70 በር ወደ ውስጥ ከተከፈተ ቆሞ ለመዝጋት የሚቀረው 10 ሳንቲሜትር ነው። ከዚህ የከፋው፣ ውስጥ የወደቀ ሰው በሩን በሰውነቱ ይዘጋዋል፤ ከውጭ የሚገፋ ሰው ሊደርስለት አይችልም። አረጋዊ ባለበት ቤት ይህን በር ወደ ውጭ ክፈቱት። የበር ስፋት ሲጻፍ ደግሞ ቀዳዳው መሆኑን አትርሱ፦ የ90 ቀዳዳ ክፈፍ ሲገባበት ማለፊያው 80 አካባቢ ነው። በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ከዚህ መጥበብ የለበትም፤ ዊልቸሩ እንዲዞርም 1.50 ሜትር ዲያሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል።

የላይኛውና የታችኛው ፎቅ ፕላኖች መስኮት ላይ ወይም መብራት ላይ ተደራርበው ይታዩ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ ስህተት የሚወጣው ግን እዚህ ነው። የፎቁ ሽንት ቤት ከታችኛው እርጥብ ክፍል (ሽንት ቤት፣ መታጠቢያ ወይም ማድ ቤት) በላይ ካልሆነ 110 ሚሊሜትሩ የፍሳሽ ቱቦ በአግድም መሄድ ይኖርበታል። በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር እየወረደ 6 ሜትር ከሄደ 12 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ ከራሱ ውፍረት ጋር ሶሌታ (የፎቁ ወለል አርማታ) ውስጥ አይደበቅም። የሚያርፈው የሳሎኑ ኮርኒስ ሥር ነው፣ ሌሊት ውኃ በተለቀቀ ቁጥርም ይሰማል። ኮለኖቹም (የአርማታ ምሰሶዎቹ) ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብለው ይሂዱ። 30 በ30 የሆነ ኮለን በ15 ግድግዳ ውስጥ ሲቆም 15 ሳንቲሜትር ይወጣል፤ የት እንደሚወጣ ስትራክቸራል መሐንዲሱ ፕላኑ ሳይጸድቅ ምልክት ያድርግ። የ95 ሳንቲሜትር ኮሪደር ላይ ከወጣ 80 ይቀራል፣ ፍራሽ ሲገባ ታዩታላችሁ።

መስኮትን በተመለከተ በካሬ ሜትር ቢያንስ የወለሉን ስፋት አንድ አስረኛ መነሻ ማድረግ ይቻላል። ምዕራብ ላይ ትልቅ መስታወት ያለው መኝታ ቤት ግን ከሰዓት በኋላ ይግላል። ፀሐዩ ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ከላይ የተሠራ ጥላ አይመልሰውም።

የሚመጣውን አስተያየት በሦስት ክፈሉት። አደጋና የሕንፃ ጥንካሬን የሚነካው ሳይከራከሩ ለባለሙያው ይተላለፋል። ከዕለት ኑሮ ጋር የሚጋጨው ቤተሰቡ ተቀምጦ ይወስንበታል። የምርጫ ጉዳይ የሆነውን አመስግኖ መተው ይቻላል። ለአርክቴክቱም «ይህን ግድግዳ 40 ሳንቲሜትር አንቀሳቅስ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ማድ ቤት ሁለት ሰው ሲሠራ መተላለፍ አይቻልም» በሉት። የመጀመሪያው ትእዛዝ የሌላ ክፍል መስኮት ሊያጠብ ይችላል፤ ሁለተኛው እሱ የሚፈታው ችግር ነው።

በመጨረሻ የተወሰነው ፕላን ደልዳላ መሬት ላይ በኖራ ይሰመር። ቢያንስ ማድ ቤቱ፣ ደረጃውና ጠባቧ መኝታ ቤት በተጣራ ልካቸው ይውጡ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ይግባባቸው፣ አረጋዊቷ እናት ይራመዱበት። ግድግዳ የሌለው መሬት ክፍሎቹን ጠበብ አድርጎ ስለሚያሳይ ዓይንን ሳይሆን ሜትሩን እመኑ። ከዚያ የወጣው እርማት ሁሉ ወደ አንድ ወረቀት ይግባ፤ ቀንና የእርማት ቁጥር ይጻፍበት፤ የቀድሞዎቹ ቅጂዎች ከግንባታው ቦታ ተሰብስበው ይቀደዱ። ግንበኛው የሚሠራው እጁ ላይ ባገኘው ወረቀት ነው።