ግማሽ ፔዳል ላይ

ዛሬም ተኮሰብኝ። ሙሉ ፔዳል ስሰጠው ደህና የሚሄድ ሞተር፣ ግማሽ ላይ ይዤው ትንሽ ስቆይ ነዳጅና አየር በሚያቀላቅለው በካርቡሬተሩ አፍ ድው! ሱፐርቻርጀር (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) በተገጠመለት ሞተር ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ወደ ኋላ የተመለሰው እሳት የሚያገኘው ባዶ ቱቦ ሳይሆን፣ ነዳጅና አየር ተቀላቅሎ የሞላበትን ሱፐርቻርጀር ነው። ግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ባይከፈት ኖሮ ዛሬ ማታ የምጽፈው ሌላ ነገር ነበር።

ሞተሩን ከቤንዚን ወደ ኢታኖል ድብልቅ ልቀይረው ብዬ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጄት (ነዳጅ በልክ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው የካርቡሬተር ብሎን) ስፈታና ስገጥም ነው የከረምኩት። ስህተቱ ከመጀመሪያው ከሂሳቡ ይጀምራል። ቤንዚን በክብደት ለ1 እጅ ነዳጅ 14.7 እጅ አየር ይፈልጋል፣ 85 በመቶ ኢታኖል ያለው ድብልቅ ግን 9.8 ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ለዚያው አየር በክብደት 50 በመቶ፣ ኢታኖል ከቤንዚን ትንሽ ስለሚከብድ በሊትር ሲለካ ደግሞ ወደ 40 በመቶ ተጨማሪ ነዳጅ ማስገባት ግድ ነው። እኔ ጎበዙ ምን አደረግኩ? የጄቱን ዲያሜትር በ40 በመቶ አሰፋሁት! ነዳጁ የሚያልፈው እኮ በቀዳዳው የገጽ ስፋት ልክ ነው፣ በዲያሜትሩ አይደለም። 1.4 ሲባዛ በ1.4 ወደ 2 ይጠጋል። እጥፍ ማለት ነው። ሞተሩ ካንዴላዎቹን አርጥቦ አልነሳም አለ። ከ1.8 ሚሊ ሜትር ወደ 2.1 ብወስደው 36 በመቶ ይጨምርልኝ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ከዚያ በላይ አያስፈልገኝም ነበር።

እሱን አስተካከልኩ። ከዚያ ደግሞ ዓይኔ አሳሳተኝ።

ዓይኔም አፍንጫዬም የለመዱት ቤንዚን ነው። ቤንዚን ሲበዛበት ጥቁር ጭስ ያያል ሰው፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ሽታውም ይናገራል። ነጭ ካንዴላ ካየሁ ደግሞ ነዳጅ አንሶታል፣ ፒስተን ሊያቀልጥ ነው ብዬ እደነግጣለሁ። ኢታኖል ላይ ግን ጤነኛውም ካንዴላ ነጭ ነው፣ የታጠበ ይመስላል። ይሄን አንብቤዋለሁ፣ አውቀዋለሁ፣ ግን ካንዴላውን በእጄ ይዤ ነጭነቱን ሳይ እጄ በራሱ ወደ ትልቁ ጄት ይሄዳል። እንዲህ እያልኩ ሙሉ ፔዳል ላይ ላምዳው (የገባው አየር ነዳጁ በትክክል ከሚፈልገው አየር ጋር ሲነጻጸር፤ ከ1 ካነሰ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው) 0.73 እስኪደርስ ነዳጅ ጨመርኩበት። እኔ የምፈልገው ከ0.75 እስከ 0.80 ነበር። አሁን የአየርና ነዳጅ መለኪያውን ሰዓት አቆጣጠር ከ14.7 ወደ ላምዳ ቀይሬዋለሁ። ላምዳ 1 ለየትኛውም ነዳጅ 1 ነው፣ ጭንቅላቴን አያዞረኝም።

አንድ ነገር ግን ሁሌ ይገርመኛል። ሱፐርቻርጀር አየር ሲጨምቅ ይግላል፣ ኢታኖል ደግሞ ሲተን ከቤንዚን እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ይወስዳል። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለው ብረት ላብ ያልበዋል። ዛሬ በጣቴ ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። ከሱ አንድ ስንዝር ራቅ ያለውን ግን መንካት አይቻልም።

ዛሬ ጠዋት ነዳጁን ራሱን ጠረጠርኩት። ስሙ 85 ይባል እንጂ ለብርድ ጊዜ እንዲነሳ ቤንዚኑን ከፍ ያደርጉታል፣ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ቁጥር ያለው የመስታወት ቱቦ ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በላዩ 50 ሚሊ ሊትር ነዳጅ ጨመርኩ፣ አፉን ዘግቼ ደህና አድርጌ ናጥኩትና አስቀመጥኩት። ኢታኖሉ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ይወርዳል። መስመሩ 90 ላይ ቆመ። ከ50 ወደ 90፣ 40 ማለት ነው፣ 80 በመቶ። ካለፈው ጀሪካን የተረፈውን ስሞክረው ደግሞ 84 ላይ ቆመ፣ 68 በመቶ! (ውሃና ኢታኖል ሲገናኙ ትንሽ ይኮማተራሉ፣ ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ይላል፣ ለማነጻጸር ግን ይበቃኛል።) ኢታኖሉ ሲበዛ ያው ጄት ያንሰዋል። ለዚህ ነው ሙሉ ፔዳል ላይ 0.73 የነበረው ምንም ሳልነካው 0.78 የሆነው። በነጻ ተስተካከለልኝ።

ታዲያ ነዳጁ ብቻ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ሙሉ ፔዳልም ላይ መታየት ነበረበት። ሙሉ ላይ 0.78፣ ግማሽ ላይ ግን ወደ 1 የተጠጋ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ነው የበራልኝ።

ፓወር ቫልቩ! እሱ የሚዘጋው ሞተሩ ሲስብ በሚፈጠረው ቫኪዩም (የመሳብ ኃይል) ነው። ቫኪዩሙ ሲቀንስ ከባድ ሥራ መጣ ብሎ ይከፈትና ተጨማሪ ነዳጅ ይለቃል። የኔ ካርቡሬተር ግን ሱፐርቻርጀሩ አናት ላይ ነው የተቀመጠው። ግማሽ ፔዳል ላይ ከሱፐርቻርጀሩ በታች ሞተሩ በግፊት እየተሞላ፣ ከላይ ካርቡሬተሩ ሥር ግን ሱፐርቻርጀሩ እየሳበ ገና ቫኪዩም አለ። ቫልቩ የሚሰማው የላዩን ነው። ሞተሩ እየተጨነቀ እሱ «ሰላም ነው» ብሎ ተዘግቶ ይቀመጣል። ሙሉ ሲረገጥ የላዩም ቫኪዩም ስለሚወርድ ይከፈታል፣ ለዚያ ነው ሙሉ ላይ ምንም የማይለው። እኔ ደግሞ ዋናውን ጄት ስቀያይር!

ከሰዓት በኋላ ቫልቩ የላዩን ቫኪዩም የሚሰማበትን የድሮውን ቀዳዳ ደፈንኩና ከሱፐርቻርጀሩ በታች ካለው ማኒፎልድ (ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቱቦ) በቀጭን ቱቦ ወደ ቫልቩ አገናኘሁት። ሥራው ራሱ ሁለት ሰዓት አልፈጀም። አስነስቼ ግማሽ ላይ ያዝኩት። 0.80። ጠበቅኩ። አንገቴን ቀብሬ፣ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅኩ። አልተኮሰም።

ሚኒሞው (ፔዳል ሳይረገጥ ያለው ዙር) አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ እሱን ገና አልነካሁትም። ለአዳር ብዬ ነዳጁን ከካርቡሬተሩ ሳፈስ ደግሞ ከሥሩ ነጭ ዱቄት አገኘሁ፣ ጣቴ ላይ እንደ ጠመኔ ይሻክራል። ኢታኖሉ የጠጣው እርጥበት አሉሚኒየሙን እየበላው ነው። ከእንግዲህ ሳላፈስ አላሳድረውም። ታንኩ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በማርከር «80» ብዬ ጻፍኩበት፣ የሚቀጥለውን ጀሪካን ስገለብጥ መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ እንዲገባ።