ሳራቺኔስካው የት ነው?

ትናንት ሌሊት፣ ደሴ፣ የግቢያችን ቧንቧ ፈነዳ። ውሃው ቤቴ ገብቶ ሶኬቱ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ቶሎ ብዬ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ። የውሃው መዝጊያ፣ ሳራቺኔስካውስ፣ የት ነው? ተከራዮቹ ሁላችንም አናውቅም። አከራያችን ኮምቦልቻ ናቸው፤ ስልካቸው አይነሳም።

አንዲት ጎረቤታችን እናት ነጠላቸውን አደግድገው ወጡ። «ያ ረቢ! ልጄ፣ እዚህ ጋ ቆፍር» አሉኝ። ከአሮጌ ቆርቆሮ ስር፣ አፈር የሸፈነው፣ እጀታው የዛገ ሳራቺኔስካ! በጨርቅ ይዘን ስንጠመዝዘው ሲጢጥ እያለ ተዘጋ። እፎይ!

ቤት ስንከራይ የምንጠይቀው ዋጋውንና ቅድመ ክፍያውን ብቻ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን ይላል። ጥገናው የማን እንደሆነ፣ ሌሊት ለማን እንደሚደወልም ይጻፍበት ባይ ነኝ። ጠዋት አከራያችን ሲደውሉ ይህንኑ ነገርኳቸው። «እሺ፣ እንጽፈዋለን» ብለውኛል።