የዋሸሁበት ማክሰኞ

በ2025 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ላይብረሪ ሄጄ አስቀድሜ መረጥኩ። ሰልፍም አልነበረም። የፓርቲ ሰዎች እንደ ደንቡ ከበሩ 40 ጫማ ርቀው ወረቀት ያድላሉ። ሰማያዊዋን፣ የዴሞክራቶቹን፣ ተቀብዬ ሳላጥፋት እጄ ላይ ይዤ ገባሁ። ለሌላው ሰው ይሄ ምንም አይደለም፤ እኔ ግን አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

በ2021 መከር እዚህ የነበረ ሰው ያስታውሰዋል። አገር ቤት ጦርነት፣ እዚህ የባይደን መንግሥት የማዕቀብ ዛቻ። እኛ ሰፈር ቡና የሚጠጣበት ቤት ሁሉ ወሬው አንድ ነበር፤ ዴሞክራቶቹን ለመቅጣት ለሪፐብሊካኑ የገዥ ዕጩ ለያንግኪን ስጡ። ቅዳሴ ወጥተን መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ የሚታደለው ወረቀት ያንኑ ይላል፣ በአማርኛ። የቨርጂኒያ ገዥ በውጭ ጉዳይ ላይ ምን ሥልጣን አለው ብሎ የጠየቀ ሰው ባንዳ ይባል ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ። በሆዴ።

ንዴቱ ግን የእኔም ነበር። የእህቴ ልጅ ሐዋሳ ውስጥ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፋ ልብስ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው የንግድ ሕግ፣ እንደሚያስወጣት ያሳወቀው እዚህ ለገዥ በተመረጠበት ዕለት፣ ኖቬምበር 2 ነው። ከጥቂት ወር በኋላ ልጅቷ ቤቷ ተቀመጠች። ዴሞክራት ነኝ ብዬ ይህን የምደብቅ ሰው አይደለሁም። የዴሞክራቶቹ ዕጩ ማክኦሊፍም ቢሆን የሚወደድ ሰው አልነበረም፤ ወላጅ ለትምህርት ቤት ምን አስተምሩ ማለት የለበትም ያለ ጊዜ፣ ሁለት ልጅ የማሳድገው ሴትዮ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ተነሣሁ።

ታዲያ ለምን ሰጠሁት? ለእናቴ ስል።

እናቴ በ2014 በግሪን ካርድ መጣች። ስኳር አለባት፣ ደም ግፊትም። ቨርጂኒያ ውስጥ ያኔ ግሪን ካርድ ያለው ሰው አምስት ዓመት ከጠበቀም በኋላ ሜዲኬድ፣ መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠውን የጤና መድን፣ ለማግኘት 40 ሩብ ዓመት የሥራ ታሪክ ይጠየቅ ነበር። ሲደመር አሥር ዓመት ነው። በ68 ዓመቷ የመጣች ሴት አሥር ዓመት የት ትሥራ? ኢንሱሊኑን እኔና ወንድሜ እየተዋጣን ነው የገዛነው። አንዳንድ ወር እሷው ሳትነግረን ከመጠኑ ትቀንስ እንደነበር የሰማነው ሐኪም ቤት ከተኛች በኋላ ነው። ያ ደንብ ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቀረ። ምርጫው ሊደርስ ሰባት ወር ሲቀረው ማለት ነው። ያስቀሩት በግዛቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ሥልጣን ላይ የነበሩት ዴሞክራቶች ናቸው። ጉዳዩን የጻፈ ጋዜጣም አላየሁ፣ በወረቀቱ ላይም አልነበረም። እኔ ያወቅሁት ፋርማሲ ቆሜ «ምንም አትከፍይም» ስባል ነው።

የዚያ ምርጫ ዕለት፣ ማክሰኞ ማታ፣ የማኅበራችን ጋሼ ደወሉልኝ።

«ሰጠሽ ወይ ልጄ?»

«ሰጠሁ ጋሼ።»

«ለማን?»

«ለማን ይሆናል፣ ያው እንደተባለው።»

«ተባረኪ!»

ስልኩን ሳስቀምጥ እናቴ ሶፋው ላይ ሆና ታየኛለች። «እዚህም ቀበሌ አለ እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ያንግኪን ከ63 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አሸነፈ። በቴሌቪዥን ሳይሆን በማኅበራችን ዋትሳፕ ነው ያየሁት፤ ባንዲራና እልልታ። እኔም ከሰው እንዳልለይ አንዲት የጭብጨባ ምስል ላክሁ። እስከ ዛሬ ከውሸቱ ይልቅ ይቺ ታሳፍረኛለች።

ለሐቁ፣ ሰውየው የገባውን ቃል ጨርሶ አልበላም፤ ከምግብ ላይ የግዛቱን 1.5 በመቶ ግብር አስነሥቷል፣ ጤፍ ስገዛ እኔም ተጠቅሜያለሁ። ነገር ግን ዝቅተኛውን ክፍያ 15 ዶላር የሚያደርሰውን ሕግ በ2024ም በ2025ም ውድቅ አደረገው። በ2025 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነበር። ፓርኪንግ ውስጥ ሌሊት የሚያድሩት፣ አዛውንት የሚንከባከቡት እነማን እንደሆኑ ለእኛ አይነገረንም። አጎዋም እስከዚያ አልተመለሰልንም ነበር። ጭራሽ ሕጉ ራሱ በ2025 ሴፕቴምበር መጨረሻ ጊዜው አለፈበት።

በ2025 ዕጩዎቹ ዴሞክራቷ ስፓንበርገርና ሪፐብሊካኗ ኤርል ሲርስ ነበሩ፤ ማናቸውም ቢያሸንፉ ቨርጂኒያ የመጀመሪያ ሴት ገዥዋን ታገኝ ነበር። ኤርል ሲርስ ጃማይካ የተወለደች ስደተኛ ናት፣ «ለስደተኛ ካልሰጠሽ ለማን ልትሰጪ ነው?» የሚለኝ አልጠፋም ነበር። መቶውም የግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር አብሮ ለምርጫ ቀርቦ ነበር። ፅንስ የማቋረጥ መብትን ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የሚያስገባው ማሻሻያ በዚያው ዓመት አንዴ አልፎ ነበር። ለሕዝብ የሚቀርበው ከምርጫው በኋላ የሚገባው አዲሱ ምክር ቤት ደግሞ ሲያሳልፈው ነበር። እዚህ ላይ ነው ማኅበሩ ውስጥ «ሊበራል» የሚለው ቃል እንደ በሽታ ስም የሚጠራው። እኔ ጾም የማልሽር ሰው ነኝ። ግን ጉለሌ ግቢያችን ውስጥ የነበረችው የ19 ዓመት ልጅ ትዝ ትለኛለች፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1997 የፅንስ ማቋረጥ ሕጉ ሳይሻሻል በፊት ነው። «ሆዷን አሟት» ተብሎ ተቀበረች። ድንኳን ውስጥ የተቀመጥነው ሁሉ በምን እንደሞተች እናውቅ ነበር፣ ንፍሮ እየቆረጠምን ዝም አልን።

ያን ቅዳሜ መርጬ ስወጣ በሩ ላይ ከጋሼ ጋር ተገጣጠምን። እሳቸው ሊገቡ ነው። ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ።

«ሰማያዊዋን ነው የያዝሽው?»

«አዎ ጋሼ። ያኔም እሷኑ ነበር የያዝኩት።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ።

«እናትሽ ስኳሩ እንዴት ይዟታል?» አሉኝ።

«ይመስገን፣ ደህና ናት።»

«ሳሚልኝ» ብለው ገቡ። የሳቸው ወረቀት ታጥፎ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ቀለሙ አልታየኝም።