ንግሥቷ ከሞተች በኋላ፦ ሃርፔግናቶሶቼ በስድስተኛው ወር

ባለፈው የጻፍኩላችሁ የማረባቸው ጉንዳኖች ንግሥት በሞተች ሰሞን ነበር። «በቃ፣ አለቀላቸው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ሃርፔግናቶስ 13 ገደማ ዝርያዎች ብቻ ያሉት ትንሽ የጉንዳን ወገን ነው። ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥ ነው የሚገኘው፣ ጎጆውንም የሚሠራው መሬት ውስጥ ነው። የእኔዎቹ ሳልታቶር የሚባሉት የሕንድ ዘላዮች ናቸው።

ንግሥቷ በሞተች በሦስተኛው ቀን ሠራተኞቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ፊት ለፊት ቆመው በአንቴና መገራረፍ ጀመሩ። አንዷ ስትገፋ ሌላዋ ታፈገፍጋለች፣ ወዲያው ደግሞ ይገለባበጣል። ጠብ መስሎኝ ልለያቸው ሁሉ አስቤ ነበር፤ እንኳንም አልነካኋቸው! ውድድር ነው ለካ። እስከ 40 ቀን ሊዘልቅ ይችላል። የሚያሸንፉት ጋመርጌት ይባላሉ፣ እንቁላል የሚጥሉ ሠራተኞች ማለት ነው። እንቁልጢያቸው ያድጋል፣ አንጎላቸው ደግሞ በሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ሰባት ወር ገደማ የነበረው ዕድሜያቸው ወደ አራት ዓመት ይረዝማል። ከሁሉ የገረመኝ ግን በ2021 የወጣው ጥናት ነው፦ ጋመርጌቶቹን ለብቻ አግልለው ሲያቆዩአቸው ወደ ሠራተኝነት ተመለሱ፣ አንጎላቸውም መልሶ አደገ። የነፍሳት አንጎል እንዲህ ያደርጋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ምግብ ላይ፣ ሕይወት ያለው ፌንጣ ብቻ ስጡ። ትልልቅ ዓይን ያላቸው አዳኞች ናቸው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው የሚስባቸው። የሞተውን ስሰጥ ዞር ብለው አላዩትም፣ በዚህ ምክንያት ብዙ እጭ አጣሁ።

ሌላው ጥፋቴ ጽዳት ማብዛት ነው። እጮቹ ተጠቅልለው የሚያድጉበት ኮኮን ባዶ ሲቀር ቆሻሻ መስሎኝ በየሳምንቱ እየለቀምኩ እጥል ነበር። እነሱ ግን በዱር የጎጆአቸውን ግድግዳ የሚለብጡት በዚሁ ነው! እዚያ ዋናው ክፍል ከዙሪያው አፈር በክፍተት የተለየ ስለሆነ ጎርፍ ሲመጣ ይጠብቃቸዋል፤ እንዲህ የተጨነቁበትን ቤት ዕቃ እያወጣሁ ስጥል ከርሜአለሁ። ስተወው በአራት ቀን ውስጥ እኔ ጋ የሚኖሩበትን ሰው ሠራሽ ጎጆ የጀሶ ግድግዳ መለበጥ ጀመሩ። ጀሶውንም አሁን የማርሰው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ሻጋታው ቀርቷል።

አሁን 6 አዲስ ኮኮን አለ። ጋመርጌቶቹ ከወንድሞቻቸው ጋር ተገናኝተው ከሆነ ሴቶች ይወጣሉ፤ ካልተገናኙ ግን ወንድ ብቻ ነው የሚወለደው፣ ያኔ መንጋው አይቀጥልም። የመጀመሪያው ሲከፈት እነግራችኋለሁ።