የባሕር ጃርት እንቁላል የካልሲየም ሞገድ፦ ጎንደር ላይ በላፕቶፕ እንዴት ሠራሁት

ጎንደር ላይ የባሕር ጃርት (እሾኻም የባሕር እንስሳ) አይገኝም። ስለዚህ ስፐርም ሲዋሐድ በእንቁላሉ ውስጥ የሚነሳውን የካልሲየም ሞገድ ለተማሪዎች ለማሳየት በፓይተን (የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ሠራሁት።

ስፐርሙ እንደተዋሐደ በእንቁላሉ ውስጥ አይፒ3 የተባለ መልእክት አስተላላፊ ሞለኪውል ይመረታል። እሱም የኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምን (በሕዋሱ ውስጥ ያለ የካልሲየም ማከማቻ) በሮች ከፍቶ የተከማቸውን ካልሲየም ያስወጣል፤ የወጣው ካልሲየም ደግሞ የጎረቤቱን በር ያስከፍታል። በጥምቀት ዕለት ከፋሲል ባሕረ ጥምቀት ዳር የተነሳው እልልታ፣ ማንም ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ዘንድ እንደሚደርሰው ነው። በስርጭት (ከበዛበት ወዳነሰበት በመስፋፋት) ብቻ ቢሆን ካልሲየሙ ማዶ ለመድረስ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ ያውም ሳስቶ። ሞገዱ ግን በሰከንድ 5 ማይክሮሜትር ያህል ይሄዳል።

እንቁላሉን 100 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ክብ አድርጌ በ1 ማይክሮሜትር ካሬዎች ከፋፈልኩት። «ካ» ካልሲየም ነው፤ 0 የዕረፍት መጠኑ (0.1 ማይክሮሞላር ገደማ)፣ 1 ጣሪያው። ስርጭቱን በሰከንድ 20 ካሬ ማይክሮሜትር፣ የመለቀቁን ፍጥነት 3.9 × ካ × (1 − ካ) × (ካ − 0.1) አደረግሁ፤ እዚህ 0.1 ካልሲየሙ ለመቀጣጠል ማለፍ ያለበት ደፍ ነው። 3.9ን በግምት አላስገባሁትም፦ 3.9 በ20 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል 39 ነው፤ የ39 ካሬ ሥር በ0.8 (1 − 2 × 0.1) ሲባዛ የሞገዱ ፍጥነት፣ 5፣ ይመጣል።

መጀመሪያ የጊዜ እርምጃውን 0.02 ሰከንድ አድርጌ ምስሉ እንደ ዳማ ሰሌዳ ተዥጎረጎረ፤ ቁጥሮቹም ፈነዱ። የእርምጃው ጣሪያ 1 ለ(4 × 20) ሲካፈል፣ ማለትም 0.0125 ነው። በ0.01 ሰላም ሆነ፤ 2,000 እርምጃ 20 ሰከንድ ይሸፍናል። መብራት ስለማይታመን በየ200 እርምጃው ወደ ፋይል ጻፍኩ።

ብዙ ያስቸገረኝ መነሻው ነው። ስፐርሙ ትንሽ ነው ብዬ አንድ ካሬ ብቻ ባቀጣጥል ወዲያው ጠፋ፤ ካልሲየሙ ጎረቤቶቹን ሳያቀጣጥል ከ0.1 በታች ይሳሳል። ስርጭቱ ለሞገዱ ፍጥነት ሲካፈል 4 ማይክሮሜትር ይሰጣል፤ ከዚህ ያነሰ ራዲየስ ያለው መነሻ ይከስማል ብላችሁ ያዙት። በ8 ማይክሮሜትር ተቀጣጠለ። ከክቡ ውጭ ያሉትን ካሬዎች 0 አድርጎ መተውም ስህተት ነው፤ ካልሲየሙ በጠርዙ ይፈስሳል። የጠርዙን ዋጋ ወደ ውጭኛው ካሬ ገልብጡት።

ይህ ቀመር አንዴ 1 ከደረሰ አይወርድም። እውነተኛው እንቁላል በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ዕረፍቱ ይመለሳል፤ ያንን ለማሳየት ካልሲየሙን መልሶ የሚያከማች ሁለተኛ ቀመር መጨመር አለበት።